አዴ ሙሉካና የምር ጥይት

ጌታነህ እባላለሁ። ሮቤ ውስጥ የትራክተርና የኮምባይነር መለዋወጫ እሸጣለሁ፤ የታንክ ጉግስ በሚኖርበት ቀን ደግሞ ማይክ ይዤ ሞንታርቦውን የማስጮኸው እኔ ነኝ። ድምፄን የማያውቅ የሮቤ ሰው የለም። የጎባ ሰዎችም ነፋሱ ወደ እነሱ ሲዞር እንደምረብሻቸው ነግረውኛል፤ ደስ ብሎኛል። ስለ አዴ ሙሉካ (አዴ በእኛ አገር ወይዘሮ እንደማለት ነው) ዝግ ብዬ ልጽፍ ብዙ ጊዜ ሞክሬ አልሆነልኝም። ያን ቀን ባስታወስኩ ቁጥር ልቤ ድው ድው ስለሚልብኝ እንደመጣልኝ እጽፈዋለሁ።

የታንክ ጉግስ ምን እንደሆነ ለማያውቅ ሰው አስቀድሜ ልንገር። የፈረስ ጉግስን ሁሉም ያውቀዋል። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው እያባረረ ዘንግ ይወረውራል፣ የሚሸሸው በጋሻው ይመክታል፣ ከዚያ ተራ ይለዋወጣሉ። የእኛም ሕጉ ያው ነው፤ ፈረሱ ብቻ ብረት ሆኗል። የሮቤ ታንክ ከአሮጌ ዶዘር የተሠራ ነው፤ ሰንሰለቱና ሞተሩ የዶዘሩ፣ ከላይ ያለው የብረት ሳጥን የእኛው ብየዳ። ሾፌሩ ሳጥኑ ውስጥ ገብቶ እጅ በማታስገባ ቀዳዳ እያየ ይነዳል። ጎባዎችም የራሳቸው አላቸው፤ አያምርም እንጂ ይሠራል። ስንዴው ከታጨደ በኋላ በሁለቱ ከተሞች መካከል ባለው ማሳ ላይ አንዱ ታንክ ይሮጣል፣ ሌላው ቆሞ ይተኩሳል፤ ከዚያ ተራው ይዞራል።

ጥይቱ ጭቃ ነበር። ከጭድ ጋር ተቦክቶ፣ በጨርቅ ተጠቅልሎ፣ ኖራ ውስጥ የተነከረ ጭቃ። ከረጅም ቧንቧ በአየር ግፊት ይወነጨፋል፤ ታንኩን ሲያገኘው ይፈርጥና ነጭ ምልክት ይተዋል። በጭቃ ጥይት የተጎዳ ሰው የለም። አንድ ጊዜ ብቻ አቅጣጫውን ስቶ የእኔን አዲስ ኮት አገኘው፤ የተተኮሰው ከጎባ በኩል ስለሆነ ስህተት ነው ብዬ እስከ ዛሬ አላመንኩም።

የዚህ ጨዋታ ዳኛ አዴ ሙሉካ ነበሩ። ትውልዳቸው ገሰራ ነው፤ ወደ ሮቤ የመጡት ኮምባይነር የሚነዳ ሰው አግብተው ነው። ባላቸው ታመው ሲሞቱ ዘመድ ሁሉ የብየዳ ማሽኑንና መፍቻውን ሸጠው ሱቅ እንዲከፍቱ መከራቸው። እሳቸው ግን የባላቸውን ጥቁር መነጽር በሻሻቸው ላይ ደፍተው ብየዳውን ራሳቸው ጀመሩት። መጀመሪያ አካባቢ የበየድኩት ሁሉ እበት ይመስል ነበር እያሉ ራሳቸው ይስቃሉ። ዛሬ የአጨዳ ወቅት ሲደርስ የተሰበረ ኮምባይነር ይዞ ከጎሮም ከገሰራም የሚመጣው ሁሉ በራቸው ላይ ይሰለፋል። እኔም ሱቄን ከበራቸው ፊት ለፊት የከፈትኩት አስቤበት ነው።

ዳኛ ያደረጋቸው ያ ሰልፍ ነው። ስንዴው ደርሶ፣ ዝናብ አንዣቦ፣ የእኔ ይቅደም የእኔ ይቅደም እየተባለ ሰው በመፍቻ ሊፈላለጥ ሲል፣ አዴ ሙሉካ መነጽራቸውን ብድግ አድርገው አንዴ ይናገራሉ። በቃ፣ አለቀ። የገዛ ወንድማቸውን ያለ ተራው ሊገባ ሲል ወደ ሰልፉ መጨረሻ ሰደውት፣ ተራው እስኪደርስ ዝናቡ ስንዴውን መታበት። ወንድምየው አኩርፎ ከረመ፤ እሳቸው ግን ለልጆቹ ዳቦ መላካቸውን አላቋረጡም። በታንክ ጉግስም ያው ናቸው። አንድ ዓመት ዋንጫው በአንድ ምልክት ሲወሰን፣ የሮቤ ጥይት የመታው የጎባን ታንክ ሳይሆን አቧራውን ነው ብለው ፈረዱብን። የሮቤ ሾፌር የገዛ ልጃቸው ቦሩ ነው እኮ! እኔ ተናድጄ ወር ሙሉ ሰላም አላልኳቸውም። ሰላም እንዳላልኳቸው እንኳ ያወቁት ሰው ነግሯቸው ነው።

ቦሩ አንድያቸው ነው። መሬት ላይ ሲሄድ አንገቱን የደፋ፣ ጠይቀውት ካልሆነ የማይናገር ልጅ ነው፤ ታንክ ውስጥ ሲገባ ግን ሌላ ሰው ይሆናል። ያን የሚያህል ብረት እንደ ፈረስ ያስጨፍረዋል። ወደ ቀኝ የሚሄድ መስሎ ወደ ግራ ሲያጥፈው የጎባ ተኳሽ ባዶ ማሳ ትመታለች። ተኳሿ ሀይሚ ትባላለች፤ ጎባ ውስጥ ትልቅ ወፍጮ ቤት ያላቸው የአቶ ኃይለልዑል ልጅ ናት። ሳልወድ እመሰክራለሁ፣ እንደ እሷ የሚያነጣጥር ሰው በባሌ ምድር አላየሁም። ቦሩና ሀይሚ ማሳው ላይ ሲገናኙ ሕዝቡ ትንፋሹን ይውጣል፤ እኔም ማይኩን ልበላው እደርሳለሁ።

ነገሩ የተጀመረው ሰው ጭቃ ሲሰለቸው ነው። አምና ጨዋታው ሳያልቅ ወደ ገበያው የሚያመራ በዛ። ጭቃ ማንን ያስደነግጣል፣ ይህ የልጆች ጨዋታ ነው ይሉ ጀመር። ያኔ አቶ ኃይለልዑል የምር ጥይት ይዘው መጡ። የምር ሲባል ባሩድ ያለው አይደለም፤ ባሩድማ ማን ይፈቅድልናል። የጥይቱን አፍንጫ ብረት አደረጉት፤ ትልቅ ኮምፕረሰር አምጥተው ግፊቱን ጨመሩት። አሮጌ በርሜል ላይ ሲሞክሩት ጥይቱ በአንድ በኩል ገብቶ በሌላው ወጣ። ወሬው ሳይውል ሳያድር ጎሮ ደረሰ። እኔማ እንቅልፍ አጣሁ፤ እንዲህ ያለውን ነገር በማይክ ማውራት የዕድሜ ልክ ምኞቴ ነበር።

የሁለቱም ከተማ ሰዎች ተሰብስበን ብዙ ተጨቃጨቅን፤ ግማሹ ይሁን፣ ግማሹ ሰው ይሞታል አለ። በመጨረሻ አንድ ነገር ላይ ተስማማን። ታንኩ የምር ጥይት ችሎ ውስጡ ያለው ሰው ደህና የሚሆን ከሆነ እንጫወታለን፤ ካልሆነ በጭቃችን እንቀጥላለን። ይህን የሚወስኑት አዴ ሙሉካ ብቻ ናቸው፤ እሳቸው ያሉትን የሚሽር የለም። የመጀመሪያው ሯጭ ማን ይሁን ተብሎ ዕጣ ሲጣል ደግሞ ለሮቤ ወጣ። ይህም ማለት ብረቱ ውስጥ የሚቀመጠው ቦሩ ነው።

እንግዲህ ሸክሙን አስቡት። አይሆንም ቢሉ ለልጇ ብላ ጨዋታውን ገደለችው ይባላል፤ የስንት ዓመት ፍርዳቸው ሁሉ ይጠረጠራል። ይሆናል ብለው ቢሳሳቱ ልጃቸውን ይቀብራሉ። ቦሩም ይህን ያውቀዋል። አንድ ቀን እኔ ለብየዳ የሚሆን ኤሌክትሮድ ላደርስላቸው ገብቼ ሳለ፣ ያ ዝምተኛ ልጅ እናቱ ፊት ቆሞ ሲናገር ሰማሁት።

«አዮ፣ እናቴ፣ ለሰው ልጅ የምትፈርጂውን ለእኔም ፍረጂ። ሌላ አልለምንሽም።»

አዴ ሙሉካ ጓንታቸውን አጠለቁ። መልሳቸው ሥራ ነበር። በግቢያቸው ተከምሮ የነበረውን ያረጀ የትራክተር ማረሻ ዲስክ ማውጣት ጀመሩ። የእኛን አገር እርሻ የሚያውቅ ሰው ዲስክ ምን እንደሆነ ያውቃል። ዓመት ሙሉ ከማሳው ድንጋይ ጋር ሲጋጭ ይከርማል፤ ድንጋዩ ይሰነጠቃል እንጂ እሱ አይጎብጥም። ከዲስክ የጠነከረ ብረት ሮቤ አያውቅም። አዴ ሙሉካ ታንኩን ዙሪያውን በዲስክ አለበሱት፤ እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ አንዱን በአንዱ ላይ እያነባበሩ በየዱት። ሥራው አልቆ ስናየው ሁላችንም ተነፈስን። ድንጋይ ያልበገረውን ጥይት ምን ሊያደርገው ነው አልን፤ ጎባዎች ሳይቀሩ አሉ። እሳቸውም በመዶሻ እየመቱ ድምፁን ሲያዳምጡ ፊታቸው ላይ ፍርሃት አላየሁም።

ቀኑ ደረሰ። ወሩ ጥር ነው፤ ማለዳ ላይ ውርጩ ማሳውን ነጭ አድርጎት ነበር። ብርዱን ግን ከቁብ የቆጠረው የለም። ከገሰራና ከጎሮ ሰው በአይሱዙ ተጭኖ መጣ፤ ለከብት ንግድ ወደ ቆላው፣ ወደ ብድሬ የወረዱት እንኳ ገበያቸውን ጥለው ተመለሱ። ባጃጁ፣ ጋሪው፣ ፈረሱ መንገዱን ዘጋው። እንዲህ ያለ ሕዝብ ከዚያ በፊት አይቼ አላውቅም። ማይኩን ይዤ አንዱ አይሱዙ ላይ ወጣሁ።

አዴ ሙሉካ አንድ ሕግ ነበራቸው፤ ሰው ከመግባቱ በፊት በግ ይገባል። ከዲንሾ በኩል የመጣ፣ ፀጉሩ እስከ ጉልበቱ የተንዠረገገ የደጋ በግ ተገዛ። ይህን ጊዜ ደግሞ ሌላ ክርክር ተነሳ፤ በጉ ከተረፈ ማን አርዶ ይብላው? ሙስሊሙ እኛ አለ፣ ክርስቲያኑ እኛ አለ፤ ስለ ታንኩ እንኳ እንዲህ አልተጨቃጨቅንም። አዴ ሙሉካ፣ ቢሞት ለሁላችሁም በክት ነው፣ ቢተርፍ ደግሞ እኔ ወስጄ አኖረዋለሁ ብለው ዘጉት። ቢላዋ ይዘው የመጡት ከሁለቱም ወገን አዘኑ።

በጉን የሾፌሩ መቀመጫ ላይ አሰሩት። ብረቱ ላይ እንዳይንሸራተት ብለው ወለሉን በጭድ ሞሉለት። በሩ ተዘጋ። ከማሳው ወዲያኛው ጫፍ ሀይሚ አነጣጠረች። እኔ በማይኩ መቁጠር ጀመርኩ፤ ሦስት ሳልል ተኮሰች።

ያን ድምፅ አልረሳውም። ጥይቱ ዲስኩን ሲያገኘው ብረቱ ጮኸ፤ ጆሮዬ ጭው አለ፣ የጋሪ ፈረሶች ደነበሩ። ሮጠን ሄደን አየን። ዲስኩ አልተበሳም፣ አልጎበጠም፤ ጭረት ብቻ ነው ያለበት። በሩ ሲከፈት በጉ በአራት እግሩ ቆሟል። ገመዱን ፈትተው አወረዱት፤ ዙሪያውን አየት አደረገና ምንም እንዳልተፈጠረ ሣር ፍለጋ ሄደ። አዴ ሙሉካ አንገታቸውን አስገብተው የታንኩን ውስጥ ቃኙ። ጨለማ ነው፣ ጭድ ነው፣ ግድግዳው ቀዳዳ የለውም። ወጡና ማይኩን ከእጄ ተቀብለው አንድ ቃል ተናገሩ።

«ይሆናል።»

ሕዝቡ አበደ። ባርኔጣ ወደ ላይ ተወረወረ፤ የማያውቀኝ ሰው አቅፎ ሳመኝ፣ ከጎባ እንደሆነ ያወቅሁት በኋላ ነው። ቦሩ የእናቱን እጅ ሳመና ታንኩ ውስጥ ገባ። ሞተሩ ተነሳ፤ ጭሱ ማሳውን ሸፈነው። እኔ ወደ አይሱዙው ተመልሼ መጮህ ጀመርኩ፤ ምን እንዳልኩ ዛሬ ቢጠይቁኝ አላውቅም። አዴ ሙሉካ ከታንኩ መነሻ አጠገብ ቆመው ባንዲራውን ዝቅ አደረጉ፣ ታንኩም ተንቀሳቀሰ።

ያ በግ ግን ታንኩ በሚያልፍበት መንገድ ላይ ቆሞ ይግጥ ነበር። አዴ ሙሉካ ሊያስወግዱት ሄዱ። ደገኛ በግ እንዴት እንደሚያዝ ይታወቃል፤ የጀርባውን ፀጉር ጨብጦ መጎተት ነው። ጨበጡት፤ ወዲያው እጃቸውን ሳብ ሲያደርጉ ከአይሱዙው ላይ ሆኜ አየሁ። መዳፋቸውን ገልብጠው አዩት። ደግመው እጃቸውን ወደ ፀጉሩ ላኩ፤ አሁን ቀስ ብለው፣ በጣታቸው እየገለጡ። ከዚያ ቀና አሉና ልጃቸው ወዳለበት ወደዚያ ብረት ሮጡ።

አዴ ሙሉካ ሲሮጡ አይቼ አላውቅም ነበር። ቀሚሳቸውን ሰብስበው፣ ሻሻቸው ከራሳቸው ወልቆ፣ ደም የነካ እጃቸውን ወደ ላይ አንስተው ይጮሃሉ። ማን ይስማቸው? ሞተሩ ያጓራል፣ ሕዝቡ ይጮሃል፣ የእኔ ሞንታርቦ ሁሉንም ይበልጣል። ማይኩን ወረወርኩት። እሳቸው ታንኩን ቀድመው ዞሩና በቀዳዳው ትክክል ፊት ለፊቱ ቆሙ። ቦሩ እናቱን አየ፤ ታንኩ ከፊታቸው ሲቆም አቧራው ዋጣቸው። የቆመ ታንክ ደግሞ ለተኳሽ ሠርግና ምላሽ ነው። አቧራው መሐል ሰው ይኑር አይኑር ከዚያ ርቀት አይታይም። ሀይሚ ማነጣጠሪያው ላይ ነበረች። አልተኮሰችም። ታንኩ ለምን ያለ ምክንያት ቆመ ብዬ ጠረጠርኩ አለችን በኋላ።

አቧራው ሲወርድ ሕዝቡ አዴ ሙሉካን አየና ጫጫታው ሌላ ሆነ። ለልጇ አደላች አለ አንዱ፣ ሌላውም ተቀበለው፤ እናት ዳኛ አትሁን የሚለው ከዳር እስከ ዳር ተሰማ። ቦሩ በሸሚዙ ብቻ ከታንኩ ወጣ፤ ውስጡ ስለሚሞቅ ካፖርቱን አውልቆ መቀመጫው ላይ ጥሎታል። ፊቱ በሐፍረት ጠቁሮ ነበር፣ እናቱን ቀና ብሎ አላያቸውም። አቶ ኃይለልዑል እየተቆጡ ደረሱ።

«አዴ ሙሉካ፣ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። በዚህ ሁሉ ሰው ፊት ይሆናል ብለዋል።»

«ብያለሁ» አሉ አዴ ሙሉካ፣ እያለከለኩ። «ይምጡ። እጅዎን ይስጡኝ።»

አቶ ኃይለልዑልን እየመሩ በጉ ጋ ወሰዷቸውና እጃቸውን ከፀጉሩ ውስጥ ከተቱት። አቶ ኃይለልዑል ጮኸው እጃቸውን ሳቡ። ጣታቸው ላይ የተሰካው የብረት ስባሪ ምላጭ ያህል የሳሳ ነበር። እኛም ተሰብስበን ፀጉሩን ስንገልጥ ከጀርባው እስከ አንገቱ በስባሪ ተሞልቷል፤ ወፍራሙ ፀጉር ይዞ አስቀርቶት ቆዳው ላይ የደረሰው ጥቂቱ ነው። ሌላው ጭዱ ውስጥ ሰምጦ ስለነበር ነው ማንም ያላየው። ዲስኩ ጥይቱን መልሶታል፤ በዚህ አልዋሸንም። ግን ጠንካራ ስለሆነ አይጎብጥም፤ የማይጎብጥ ብረት ደግሞ ፊቱን ሲመቱት በጀርባው ይላጣል፤ ስባሪውም ወደ ውስጥ ይበራል። ድንጋይ ስንሰብርበት የኖርነውን ብረት ከጀርባው ማን ተቀምጦ አይቶት ያውቃል!

«በጉን ያተረፈው የእኔ ዲስክ አይደለም» አሉ አዴ ሙሉካ። «ፀጉሩ ነው። ልጄ ይህ ፀጉር የለውም።»

ሁሉም አመነ ብል እዋሻለሁ። ይህ ስባሪ በጉ ከብየዳ ግቢዋ ይዞት የመጣው ነው ያለ ነበር፤ ቦሩ ራሱ በትንሽ ድምፅ፣ አዮ ልግባ፣ ምንም አልሆንም ይል ነበር። አዴ ሙሉካ አልተከራከሩም። ጭዱ ይጠረግ፣ ታንኩ ባዶውን ይቁም፣ ሀይሚ ትተኩስ አሉ። ተጠረገ፤ ተተኮሰ፤ ብረቱ እንደገና ጮኸ። በሩን የከፈተው ቦሩ ነው። ብዙ ቆየ። ሲወጣ ካፖርቱን ይዟል።

ወፍራም የወታደር ካፖርት ነበር። ወደ ፀሐይ ሲያነሳው ብርሃኑ በስንት ቦታ አለፈበት። ደረቱ ላይ ያለውን ቀዳዳ በጣቱ ነካው፣ ጣቱ ገባ። ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጠ። ሀይሚ ማሳውን አቋርጣ መጥታ ካፖርቱን አየችው። የአባቷን ትከሻ ይዛ፣ በእኔ እጅ ነበር እኮ አባዬ፣ በእኔ እጅ ነበር አለች። አቶ ኃይለልዑል ባርኔጣቸውን አውልቀው ቆሙ፤ ያ የጎባ ትዕቢታቸው የት እንደገባ እንጃ።

አዴ ሙሉካ ወደ አይሱዙው መጥተው ከመሬት የወደቀውን ማይክ ራሳቸው አነሱት። እጃቸውን ያዝ አድርጌ፣ ይተውት፣ ሰው ሁሉ አይቷል አልኳቸው። አልሰሙኝም።

«ዛሬ ይሆናል ያልኩት እኔ ነኝ። ዲስኩንም የበየድኩት እኔ ነኝ። ሁለቱም ስህተት ነው። ቃሌን አነሳሁ።»

ስንት ዳኛ አይቻለሁ፣ ስንት ሽማግሌ፣ ስንት ሹም። እንዲህ ብሎ በሞንታርቦ የተናገረ ሰምቼ አላውቅም። ከዚያ አንድ የገሰራ ሽማግሌ ማጨብጨብ ጀመሩ፤ ጭብጨባው እየሰፋ ሄዶ ጎባዎች ጋ ሲደርስ እኔ አለቀስኩ። ያለቀስኩት በአቧራው ነው ብያለሁ፤ አሁንም እላለሁ።

ቀኑ በዚህ ያለቀ መስሎኝ ነበር። ግን ከጎሮና ከገሰራ የመጣ ሰው ወደ ቤቱ አይሄድም። ባዶ ታንክ ሲመታ አይቷል፣ ድምፁ አጥንቱ ውስጥ ገብቷል፣ ይደገም ይላል። ቆሞ የሚመታ ታንክ ደግሞ ጉግስ አይደለም። ቦሩ ካፖርቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ከተቀመጠበት ሆኖ አንዱን ጋሪ ሲያይ ቆየ፤ ባለ ጋሪው የደነበረ ፈረሱን በልጓሙ ገመድ ወደ ቀኝ ወደ ግራ እየሳበ ያረጋጋል። ቦሩ ተነሳ። የዶዘር መሪ ሁለት ዘንግ ነው፤ ቀኙን ሲስቡት ወደ ቀኝ፣ ግራውን ሲስቡት ወደ ግራ ይዞራል። ከአይሱዙዎቹ ረጃጅም የጭነት ገመድ ለመነና ሁለቱ ዘንጎች ላይ አሰረ፤ የነዳጅ መስጫውን እንደተከፈተ በሽቦ አጠበቀው፤ ገመዶቹን በጀርባ በር አውጥቶ በማሳው ዳር ባለው ጥልቅ የውሃ ቦይ ውስጥ ገባ። ታንኩ ማሳው ላይ፣ እሱ ከሩቅ ከኋላው ቦይ ውስጥ።

አዴ ሙሉካ ይሆናልም አይሆንም አላሉም። ቦዩ ውስጥ ራሳቸው ወርደው ተመላለሱ። ተመልካቹን ሁሉ ከተኳሿ ጀርባ አሰፈሩት። በመጀመሪያ በጭቃ አስተኮሱ፤ ቀጥሎ ቦሩ ቦዩ ውስጥ ተኝቶ ሳለ በብረት አስተኮሱና ስባሪው የት የት እንደወደቀ እየዞሩ ለቀሙ። አንዱም ቦዩ ጋ አልደረሰም። እንደዚያም ሆኖ ገመዱን አስረዘሙት፤ ሀይሚ በተኮሰች ቁጥር ቦሩ ቦዩ ውስጥ ጎንበስ ይበል ብለው ሕግ ጨመሩ። ሕዝቡ በትዕግሥት ማጣት ያጉረመርም ነበር፣ እኔም አብሬ። እሳቸው ግን የዳኛ ቦታቸው ላይ፣ ከጎባዎች ጀርባ በቆመው አሮጌ ኮምባይነር ጣሪያ ላይ እስኪወጡ ድረስ አልቸኮሉም።

ከዚያ ፊሽካውን ነፉ፤ ወይ ጉድ! ታንኩ ባዶውን ማሳው ላይ ሲጋልብ፣ ቦሩ ከኋላ ቦዩን ይዞ ሲሮጥ፣ ገመዱን አንዴ በቀኝ አንዴ በግራ ሲስብ፣ ሀይሚ ስትተኩስ አፈሩ ወደ ላይ ሲረጭ፤ እኔ ድምፄ ተዘጋ። በዕድሜዬ እንዲህ ያለ ጨዋታ አላየሁም። የመጀመሪያው ሳተ። ሁለተኛው ሊመታ ሲል ቦሩ ዞር ብሎ አሳተው፤ ከቦዩ አንገቱን ብቅ አድርጎ ሲስቅ ጥርሱ ከሩቅ ታየ።

ይህን ጊዜ ከሁሉም በላይ አንድ እልልታ ሰማሁ። ዞሬ ሳይ ኮምባይነሩ ላይ ያሉት ዳኛችን ናቸው። አዴ ሙሉካ እጃቸውን ዘርግተው፣ በሻሽ የታሰረ መዳፋቸውን እያወዛወዙ፣ ለሮቤ እልል ይላሉ።

አቶ ኃይለልዑል ከታች ሆነው ተቃውሞ አነሱ፤ ዳኛ ለአንድ ወገን እልል አይልም አሉ። እውነታቸውን ነው። አዴ ሙሉካም እውነት ነው አሉ። ከኮምባይነሩ ወረዱ፤ ፊሽካውን ከአንገታቸው አውልቀው በአቶ ኃይለልዑል አንገት ላይ አጠለቁላቸው።

«እስከ ዛሬ ልጄ ሲጫወት አይቼ አላውቅም» አሏቸው። «የማየው ብረት ነበር። ዳኝነቱን እርስዎ ይያዙት፤ እኔ ልጄን ልይ።»

መጥተው ከእኔ አጠገብ፣ አይሱዙው ላይ፣ በሮቤ ሰዎች መካከል ቆሙ። ሀይሚ ለሦስተኛው አነጣጠረች። አዴ ሙሉካ እጃቸውን አፋቸው ላይ አድርገው፣ ኢልማኮ፣ ልጄ፣ ጎንበስ በል ብለው ጮኹ። ቦሩ ከቦዩ ውስጥ ሰማቸውና ጎንበስ አለ።